በሠርጉ ቀን የተሰማው እልልታ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ተክለጻድቅ፤
ደብረ ብርሃን

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? የእማማስ ዓይን ተሻላት? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ለማለት ግን አፌ እንቢ ብሎኛል። ስልክ ስለተቋረጠ በወረቀት ጻፍኩ። ሙርሺድ የሚባል ሹፌር ጎረቤታችን ቡና ጭኖ መንገድ እስኪከፈት ሲጠብቅ ሰንብቶ ዛሬ ይወጣል፤ እሱ ያደርስልኛል።

የልጄን የሩሐማን ሠርግ በሰላም ደገስን ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። እሑድ ጠዋት ስልኩ ዝም አለ። እዚህ ኔትዎርክ መጥፋቱ ብርቅ ስላልሆነ የጠየቀ የለም። ሙሽራው ለሚ ከየቡ ከተማ ከነሚዜዎቹ ሲደርስ ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ የጎረቤታችን የእትዬ ሀዋማ ድምፅ ማዶ ደዶ ወረዳ ድረስ ይሰማል። ለካ ያን ሰዓት የአገሪቱ መሪ መገደላቸው በሬዲዮ እየተነገረ ኖሯል። በሠርግ ቤት ሬዲዮ የሚከፍት ማን አለ? ፖሊሶች መጥተው በመሪው ሞት የሚጨፍረው ማን ነው አሉ። እትዬ ሀዋ "አቦ ተዉ፣ ወላሂ ሙሽራ ገብቶ ነው" ቢሉ ሰሚ አላገኙም። ሙሽራውን ከነሱፉ ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ድንኳኑን እንዳናፈርስ ከቀበሌ ታዘዝን፤ የመሪው ለቅሶ እዚያው ይሁን ተባለ። አበባውን አንስተን ፎቶግራፋቸውን ሰቀልን። ከሠርጉ የተረፈውን ወጥ ለቀስተኛ በላው። ማን እንደገደላቸው ሬዲዮው ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ይላል። ታስሮ ያየሁት ሰው ግን አማቼ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ላክን። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሙሽሪት በለቅሶው ላይ ቆማ "ያን ቀን ደስታ አልነበረም" ብላ ይቅርታ ከጠየቀች ይፈታል አለ። ሽማግሌዎቹ ይሄማ ቀላል ነው ብለው ተመለሱ። ሩሐማ ጥቁር ለብሳ ቆመችና "ለሟቹ አዝናለሁ። ያገባሁ ዕለት ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልነበረም ብዬ አልዋሽም" ብላ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ለሚ እስካሁን አልተፈታም። ምሳ የምታደርስለት እሷው ናት። እሱ ደግሞ ብሶበት፣ ደግ አደረግሽ ብሏታል።

ሩሐማ የምትሰማው አያቷን ነውና ይቅርታ እንድትጠይቅ እርስዎ እንዲመክሯት ጻፍ እያሉ ሽማግሌዎቹ ጨቀጨቁኝ። ይኸው ጻፍኩ። ነገር ግን አባባ፣ እባክዎ እንዳይመክሯት። እኔም ልመክራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። አንድ ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ እሱም ይፈራል፤ ቢሆንም በእሱ እንሞክራለን።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እህቴ የኔነሽ ፎቶ አልላክህልኝም ብላ እንዳትቀየም፤ ለልጇ ለፍሬሰላምም ሰላምታዬ ይድረሳት። ሩሐማ እርስዎን ሳሙልኝ ብላለች፤ ሌላ የላከችው ቃል የለም።

ልጅዎ መሳይ
ጅማ፣ የካቲት 3 ቀን