«ሦስት ሳምንት ብቻ ታገሱ» ላሉን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ዳሪል ፊንች
የመኪና ኪራይና ሽያጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ሮክሃምፕተን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና ምን ያህል ውድ እንደሆነ ዘንድሮ በሚገባ ተምሬአለሁና። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁትም ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው መጋቢት የመኪናችን የአራት ዓመት የኪራይ ውል ሊያልቅ ሲል፣ ጡንቻን በሚያዝል በሽታ እግሮቿ የከዷትን ባለቤቴን ኖሪንን ደግፌ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ውሉን ለአንድ ዓመት ልታድስ ብዕር ስታነሳ እርስዎ በደግነት እጇን ያዙ። «ኖሪን፣ አብደሻል እንዴ? መቀመጫው ወደ በሩ ዞሮ የሚቀበልሽ አዲስ ሞዴል መኪና እየመጣልሽ አሮጌ ላይ ትፈርሚያለሽ? ይቺን መልሱና ሦስት ሳምንት ብቻ ታገሱ!» አሉ። እሷም «ወንድሜ፣ እኔ እኮ እንደ መኪኖቻችሁ ዋስትና የለኝም» ስትልዎ ከልብዎ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «ይሁን፣ እንጠብቅ» ያልኩት እኔ መሆኔን አልክድም። ቁልፉን አስረከብን።

ሁለተኛ፤ ሦስቱ ሳምንት ሰኔ ሆነ፤ ሰኔ ደግሞ መስከረም ሆነ። ቀጠሮው በተራዘመ ቁጥር ግን የመኪናዋን ፎቶግራፍ መላክዎን አላቋረጡም። እጅግ ያማረ ነበር፤ ኖሪን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋው ነበር።

ሦስተኛ፤ ለኖሪን በዚህ ዓለም የቀረቻት አንድ እህቷ አይቪ ብቻ ናት፤ ዬፑን ከተማ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ የአልጋ ቁራኛ ሆናለች። መንገዱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጭነው ታክሲ ለሆስፒታል ቀጠሮ እንጂ ለናፍቆት አይመጣም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ኪት ፒክአፑን አምጥቶ ሁለታችን ልናነሳት ታገልን። «ቀስ በሉ እንጂ! ወይፈን ነው እንዴ የምትጭኑት?» ብላ አሳቀችን፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠና «በቃ፣ ወደ ቤት መልሳችሁ አስገቡኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ «አዲሷ ስትመጣ» ከመባባል በቀር ሌላ አልሞከርንም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ማለዳ ሻይ ይዤላት ስገባ አርፋ አገኘኋት።

አራተኛ፤ መስከረም ላይ ደውለው «መኪናችሁ ደረሰች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!» ስላሉኝ፣ በተለይም በብዙ ቁጥር ስለተናገሩኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መኪናዋን ተረክቤ በቀጥታ ወደ ዬፑን ነዳኋት፤ መርዶውን በስልክ ለመንገር አቅም አጥቼ ነበርና። አይቪ ከትራሷ ቀና ብላ ከኋላዬ በሩን በሩን እያየች «እሷስ? መኪና ውስጥ ትተሃት መጣህ?» አለችኝ። ነገርኳት። እስኪመሽ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

እነሆ፣ ከዚህ የሚበልጥ ደንበኛ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በመታገሥ የሚያህለኝ የሌለ

ሌስሊ ታገርት

ማስታወሻ፤ የአዲሷም መኪና ውል በኖሪን ስም ስለነበር ስሟን እንዲሰርዙልኝ ብደውል፣ ሠራተኛዎ «ይቅርታ አባቴ፣ ባለስሟ ራሳቸው ካልደወሉ አይቻልም» አለችኝ። ደንቡን አከብራለሁ። ኖሪን ስትደውል ግን፣ እባክዎ መስመሩን ሳይዘጉ ከእኔ ጋር ያገናኙልኝ።