ለምን ገደልሻት?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2006፤ ቤይሩት

በሠራተኝነት የማገለግላት ማዳሜ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ድርሰት ታስተምራለች። ዛሬ ተማሪዎቿ የጻፉትን ሊያነቡላት ቨርደን ሰፈር ያለው ቤቷ ድረስ መጡ። አንዷ ስለ ሐበሻ ሠራተኛ ጽፋለች። በእንግሊዝኛ ብታነበውም ገባኝ። ሠራተኛዋ ስም እንኳ የላትም፤ መጨረሻ ላይ ከበረንዳ ትዘላለች። ሁሉም እንባቸውን ጠረጉ። ሻይ እየቀዳሁ ደሜ ፈላ።

«ፓርዶን፣ ለምን ገደልሻት?» አልኳት በዐረብኛ።

ልጅቷ ክው አለች። ማዳሜ ናት የመለሰችልኝ፦ «ያኒ፣ አንባቢው እንዲያዝን ነዋ!»

ለማዘን የግድ ሬሳ ያስፈልጋል? እሑድ ፈቃድ ወጥታ፣ ሐበሾች የሚሰባሰቡበት ዶራ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ብትውልስ? እሱ ድርሰት አይሆንም? ኸላስ፣ በቃ ብዬ ሻይ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ልጅቷ ስትወጣ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እኔንም፣ በቁሜ ገደለችኝ!