ቡዦርን ያስነሣህበት ስልክ

ውድ አባቴ፣

ጣልያን አገር ቶሪኖ ከገባህ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ወንድሜ ማቴይ ልብህ እንደተሻለው፣ እዚያ ላሉት ያገራችን ሰዎችም መስበክ እንደጀመርክ ነገረኝ። ደስ ብሎኛል። ይህን በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዶሮዎቹ አወራሁልህ። ስለዚህ ልጻፈው።

ቡዦርን ያሠለጠንክበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ጓሮ ካለው የፕለም ዛፍ ሥር ታስቀምጠውና ቋሊማ እግሩ ላይ አኑረህ «ቆይ!» ትለዋለህ። ምስኪን ውሻ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ «በል ና» እስክትለው ዓይን ዓይንህን ያያል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አምጥተህ ለጉባኤው አሳየኸው። «በዱላ ነክቼው አላውቅም፤ የጌታውን ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ውሻ ይህን ከቻለ የተጠመቀ ሰው እንዴት ያቅተዋል?» አልክ። እኔም ከመዘምራኑ መካከል ሆኜ ከልቤ አሜን አልኩ።

አንተ በሄድክበት ዓመት በጥር የጎረቤታችን የዶይና ሠርግ መጣ። ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ እጄን ሳቡኝ፣ ገባሁ። ሁለት ዙር ጨፈርኩ፤ ሻሼም ወደቀ። አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሮ እስከ እሑድ መንደሩ ሁሉ አየው። አንተም ከመድረክ ላይ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ብለህ ተግሣጽ ላይ አስቀመጥከኝ፤ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ያለ መዝሙር፣ ያለ ጌታ እራት፣ እስከ ፋሲካ። በፋሲካ ራስህ ጠርተህ ልታነሣኝ ነበር። እውነት ለመናገር ያኔ አልተቀየምኩህም። መጨፈሩን ግን ወድጄው ነበር።

ፋሲካ ሳይደርስ ልብህ ታመመና ማቴይ ወደ ቶሪኖ ሊወስድህ መጣ። ቡዦር መኪናው ውስጥ እየዘለለ ሲያስቸግር አሮጌውን ምንጣፍ በሩ ላይ አንጥፈህ «ቆይ!» አልከውና ሄድክ። በመጀመሪያው ቀን ሳቅሁበት። በሁለተኛው ቀን ዝናብ እየመታው መረቅ አቀረብኩለት፣ አልቀመሰም። «በል ና» ብዬ ለመንኩት፤ በአንገቱ ማሰሪያ ጎትቼ ባስገባውም ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ደወልኩልህና ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት።

«ቡዦር፣ በል ና፣ ጎበዝ ልጄ!»

ዘሎ ሲነሣ ጭቃው ላይ ጣለኝ። አንተ እስኪያስልህ ሳቅህ። «ውይ ምስኪን፣ እኔ እኮ ረስቼው ነው» አልክ። ቀጥለህም ጠየቅከኝ።

«ሌላ የረሳሁት ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ አባዬ።»

ወንድም ቤኒያሚን ባንተ ቦታ ከተተካ በኋላ ሄጄ ከተግሣጹ እንዲያነሣኝ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ ያስቀመጠሽ እሱ፣ የሚያነሣሽም እሱ ነው። ደንቡን ያስተማረን አባትሽ አይደለም እንዴ? እኛ ምን ቤት ነን?» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ጽዋው ሲዞር ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል። ጽዋው ከፊቴ ያለው አግዳሚ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ሁለት ፋሲካ እንዲህ አለፈ። አዲስ የሚመጡ እንግዶች በረኛ እመስላቸውና የረጠበ ጃንጥላቸውን ያስይዙኛል።

ባለፈው እሑድ ግን ቆረጥኩ። መዝሙሩ ሲጀመር ተነሣሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ እንዲያውም እህት ታቢታ ከመዘምራኑ መካከል ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አባዬ፣ እግዚአብሔርን መታዘዜ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያንተን ድምፅ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አሁን ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። እንዲህ እንድሆን ነበር የፈለግከው?

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከመጀመሪያው መዝሙር በኋላ ደውልልኝ፤ ስልኩን ጉባኤው እንዲሰማ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። ለቡዦር ያልከውን ያህል ብትለኝ ይበቃኛል። ረስቼሽ ነው ብትለኝም አልቀየምህም።

ከመጨረሻው አግዳሚ፣
ልጅህ ኤስቴራ