የመርከቧን አጥር ማን ንካ አለህ?

ለጥርስ ሠሪው የእህቴ ልጅ፤

ሰው ሳይጠራህ ጥልቅ ማለቱን ከእናትህ ነው የወረስከው። ስንዝር የማትሞላ ሞዴል መርከቤ የሰው መንጋጋ መሰለችህ እንዴ? በአሲድ የተቀረጸውን፣ ከፀጉር የቀጠነውን የናስ አጥር እኔ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ቆርጠህ፣ አጥፈህ፣ ግራ ጎኗ ላይ ለጥፈህ ጠበቅኸኝ። ጎበዝ ተብዬ! አንተ አፍንጫህን መጥረግ ሳታውቅ እኔ ሰዓት ፈትቼ እገጥም ነበር።

እንከን ላወጣልህ ጠዋቱን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ፈተሽኩት። ሙጫው አልፈሰሰም፤ አጥሩም አልተወላገደም። ጭራሽ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው በዝቶበታል፤ አመለጠኝ።

መስኮቱን እንዳትከፍት። ነፋስ ከመርከቧ ጥቃቅን መሰላሎች አንዷን ይዟት ከሄደ ሁለተኛ አናገኛትም።

ቀኝ ጎኗ ገና ነው። ከጀመርከው አይቀር ጨርሰው፤ በኋላ ግን «እኔ ነኝ የሠራኋት» እያልክ እንዳትጎርር።

እኔ እጄን ለሐኪም ላሳይ ወጥቻለሁ። ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል!

ወረንጦው ተበላሽቷል እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስረግመው ሰምተሃል። መሳቢያው ውስጥ አለልህ፤ ሥራበት።
ከእኔና ከእሱ ጤነኛው እሱ ነው።