ካሜራው ይቁምልኝ

የካቲት 4

ሥራ እንደወትሮው። ጠዋት የአንድ ልብስ ሱቅ ማስታወቂያ ጨረስኩ። ከሰዓት ድምፅ ሳስተካክል ዋልኩ።

መውጫ ላይ ጋሼ ጠሩኝ። የስቱዲዮው ባለቤት ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ ቴምፕሌት አግኝተዋል። ፎቶ ብቻ መክተት ነው፣ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። ፎቶዎቹ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የውሸት ካሜራ ደግሞ እየተወዛወዘ በመሀላቸው ያልፋል። "ሰርጉ ላይ የሚታየውን የእህትሽን የልጅነት ፎቶ ፊልም በዚህ ሥሪላት፣ የኔ ስጦታ ይሁን" አሉኝ።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው... አሁንም ሚጣ ነው የምንላት። ሙሽራ ሚጣ! ደስታዬን የት ላድርገው?

የካቲት 6

ደስታዬ ውሃ ተቸለሰበት።

ናሙናውን ለእማዬ አሳየኋት። ረስቼው! አምና የውስጥ ጆሮዋን ከታመመች ወዲህ የሚወዛወዝ ምስል ካየች ቤቱ ይዞርባታል። ገና ከመጀመሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አጥፊው ልጄ... አጥፊው።"

ሲሻላት እንደ ቀልድ አድርጋ፣ "በሰርጉ ቀን ፊልሙ ሲጀመር ወጣ ብዬ አየር እወስዳለሁ። ስትጨርሱ ትጠሩኛላችሁ።"

ሚጣ ተነስታ ሄደች። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። "እቴቴ፣ የኔን ልጅነት እንግዳ ሁሉ አይቶ እማዬ ደጅ ልትቆም?"

ካሜራውን ባቆመውስ? ለምን አይቆምም? የሰው ሥራ አይደል እንዴ!

የካቲት 7

አጠፋሁት። ካሜራውን ከነነፍሱ። ቀላል መስሎኝ...

ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተቆለሉ። ለካ አንዱ ሩቅ አንዱ ቅርብ ነው የተቀመጡት፣ የሚያገናኛቸው ካሜራው ነው። ጥርስ ያላወጣችው ሚጣ የራሷ የምረቃ ቆብ ላይ ጉብ ብላለች። ብቻዬን ስስቅ ጋሼ መጡ።

"መወዛወዙን ካወጣሽበትማ ምኑን ፊልም ሆነ? ነፍሱ እኮ እሱ ነው።"

"እናቴ እንድታየው ነው፣ ጋሼ።"

ጭንቅላታቸውን አከኩ። "እስቲ ሞክሪ። ብቻ ሞቶ እንዳይመጣ።"

የካቲት 9

አገኘሁት!!

ካሜራውን መለስኩና ወዴት እንደሚሄድ የሚነግሩትን የእንቅስቃሴ ነጥቦች በሙሉ ሰረዝኩ። ያው ይወዛወዛል! ማን ነው የሚያወዛውዘው? ጂኒ?

ኋላ ነው የገባኝ። ካሜራው ታዝሏል። ከፎቶዎቹ ንብርብር መሀል አንድ ባዶ፣ የማይታይ ሌየር አለ። ካሜራው እሱ ላይ ታስሯል። አዛዩ ሲንገዳገድ የታዘለውም አብሮ ይንገዳገዳል። አዛዩ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር ትእዛዝ ተጽፋለች፣ "ዝም ብለህ ተወዛወዝ" የምትል ዓይነት። እሷን አጠፋኋት።

ቀጥ!

ጮህኩ መሰለኝ። ጋሼ በበሩ ብቅ ብለው "ኤሌክትሪክ ያዘሽ እንዴ?"

አላበቃም። ያለ ነጥቦቹ ካሜራው አንዱ ፎቶ ላይ ይቀራል፣ ስመልሳቸው ደግሞ ከፎቶ ወደ ፎቶ ይንሸራተታል። እሱም ለእማዬ አይሆንም። እንግዲያው አትንሸራተት፣ ዝለል አልኩት። አንዱ ፎቶ ይደበዝዛል፣ ጨለማው ውስጥ ካሜራው ይዘላል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይበራል። ፎቶው ላይ ሲደርስ ንቅንቅ የለም።

ማን አለ እንደኔ!

የካቲት 11

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው...

ከምሳ በኋላ እማዬን ሳሎን አስቀመጥኳት። ፊቷን በመዳፏ ከልላ በጣቶቿ መሀል ታያለች።

"ኧረ ቆሟል!" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ልጄ፣ ፎቶውስ ቆሟል። ከኋላው ያለው ብናኝ ግን ይሄዳል።"

ዞር ብዬ ባይ እውነቷን ነው። ለማስዋቢያ የተበተነው ብናኝ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። እኔ ይህን ሁሉ ቀን አፍጥጬበት አላየሁትም።

"የታመመ ጆሮ ነገረኛ ነው" ብላ ሳቀች። እዚያው አጠፋሁትና እንደገና ጀመርን። እጇን አወረደች።

ሚጣ ብስክሌት የምትለማመድበት ፎቶ ጋ ስንደርስ፣ "አቁሚው!"

ወዲያው ገታሁት። "ዞረብሽ?"

"አልዞረብኝም። ታች እዪ... ጎማው አጠገብ። ጥላውን።"

መሬቱ ላይ ረጅም የወንድ ጥላ ተጋድሟል። ክርኖቹን ከፍቶ ካሜራ ይዟል።

"አባታችሁ ነው" አለች።

አባባ ከዚህ ፎቶ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው የሞተው፣ ሚጣ በደንብ አታስታውሰውም። ሁሌም አንሺው እሱ ስለነበር ከእኛ ጋር የተነሳው አንድም ፎቶ የለም። ይህን ፎቶ ስንት ጊዜ አይተነዋል... መሬቱን ማን ያያል? ካሜራው እየተወዛወዘ ቢሆንማ ጭራሽ!

ሚጣን ጠራናት። እየሮጠች መጥታ ስክሪኑ ፊት ተንበረከከች። "እንዲህ ክርኑን ከፍቶ ነበር የሚያነሳው?"

"ሊበር የተዘጋጀ አውራ ዶሮ ነበር የምለው" አለች እማዬ። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። እኛም።

የካቲት 12

ጋሼ አዩት። ብስክሌቱ ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። "እዚህ ላይ ጥቂት ሰከንድ ጨምሪ" ብለው ወጡ።

የካቲት 16

ትናንት ሰርጉ ነበር። ድምፄ ተዘግቷል፣ እግሬ አብጧል፣ ግን መጻፍ አለብኝ።

የአዳራሹ መብራት ሲቀንስ እኔ ኮምፒዩተሩ ጋ ነኝ። ስክሪኑን አላየሁም፣ የማየው የእማዬን ጀርባ ነው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አልወጣችም!

ብስክሌቱ መጣ። እማዬ ብድግ አለች። ወይ ጉድ፣ ዞረባት? ልሮጥ ስል... ወደ በሩ አይደለም። ወደ ስክሪኑ ነው የምትሄደው።

"እናታችን፣ ጋረዱን እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

እማዬ መች ሰማችው። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ገባች፣ ጥላዋ ፎቶው ላይ ወደቀ። ልክ ከአባባ ጥላ አጠገብ። ወደ እንግዶቹ ዞራ በጣቷ እያሳየች፣

"ይሄ የኔ ባለቤት ነው! የሙሽሪት አባት!"

ሳቁ ጸጥ አለ። ፊልሙን ባለበት ገታሁት። ሚጣ ቀሚሷን ሰብስባ ከሙሽራው ጎን ተነስታ ሮጠች። እኔም ኮምፒዩተሩን ትቼ ሮጥኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም። ሦስታችን ተቃቅፈን ሳለ እንግዶቹ ጨበጨቡልን።

ፎቶ አንሺው አንስቶን ኖሮ ዛሬ ላከልኝ። ሚጣ አይኗን ጨፍናለች፣ የኔ አፍ ተከፍቷል፣ እማዬ ቀና ብላ ቆማለች፣ ከጎኗ፣ ስክሪኑ ላይ ባለው መሬት፣ አባባ ክርኑን ከፍቶ።

አራታችንም አለን።