ለጊዜው የበየድኩት ቱቦ

መስከረም 27

ዛሬም ለጥገና የመጣልኝ አንድ ፍሪጅ ብቻ። ሰማዩ ራሱ ፍሪጅ በሆነበት አገር ይህን ሙያ ምን አስመረጠኝ? ሮቤ ያለውን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ጎባ ወጣሁ፣ እህቴ እትዬ ወለተ ማርያም ዘንድ። አረቄ እያወጣች ነበር። የመቃ ቱቦዋ ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶታል። በአንድ በኩል በሊጥ ትደፍናለች፣ በሌላ በኩል ያመልጣታል። ሳቅኩ።

“ትስቃለህ? አንተን ያሳደገህ እኮ ይሄ መቃ ነው!”

እውነቷን ነው። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር። በዚሁ አረቄ ነው አብልታ ያስተማረችኝ።

“የመዳብ ቱቦ እሠራልሻለሁ፤ ጠብታ አያመልጠውም” አልኳት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። እሷ ግን ይዛዋለች...

ጥቅምት 3

የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ማሜ ሱቅ። የመዳብ ቱቦ፣ ለማጠፊያው ጎሚቶ፣ አንድ ባለ ሦስት አፍ ቲ፣ ማያያዣዎች። ማሜ ዕቃውን እየደረደረ በጎን ያየኛል።

“ይሄ ሁሉ ለፍሪጅ ነው?”

“አይ፣ እህቴ...”

“ተው! ወላሂ እንዳትነግረኝ። እኔ የሸጥኩልህ ለፍሪጅ ነው።” ጆሮውን ይዞ ሳቀ። ቅናሽ አድርጎልኛል፤ ከኃጢአቱ ግን ምንም አልቀነሰልኝም።

ጥቅምት 10

ቱቦው እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ሞላሁበትና በግንድ ላይ ጠመዘዝኩት። ሲያምር! እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራሁ ስንት ጊዜዬ።

መገጣጠሚያው ላይ ስደርስ የመበየጃ ጋዝ አለቀ። ከሻሸመኔ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እትዬ በየቀኑ ትደውላለች። “ድፍድፉ ደርሷል፣ ሊበላሽብኝ ነው፣ እሹ ወንድሜ!” ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያወጣሁት እርሳስ ነበረኝ። አቀለጥኩና መገጣጠሚያውን ሁሉ ሞላሁበት። ለጊዜው ነው። ጋዝ ሲመጣ ፈትቼ በደንቡ በብር ዘንግ እበይደዋለሁ። በውሃ ሞከርኩት፣ አላፈሰሰም።

ጥቅምት 18

ወረደ! ቀጭን፣ ጥርት ያለ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። እትዬ እልል አለች፣ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

ለታም ነበር። ከጎባ ወደ ጎሮ ሚኒባስ የሚነዳው፣ የድሮ ደንበኛዋ። ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ቀመሰ። ደገመው።

“ማር ጨምረሽበታል እንዴ?”

“ማር ከየት አባቴ አመጣለሁ?”

እኔም ቀመስኩ። እውነትም ምላስ ላይ ጣፈጥ ይላል። የመዳቡ ነው አልኳቸው። ምን አውቄ? ግን ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ፣ ሁሉም አመኑኝ።

ኅዳር 8

እትዬ መቃዎቿን ሁሉ ማገደቻቸው። ደንበኛው ለጉድ ነው፤ “ጣፋጩን ስጪን” ይሏታል። ለታ በየሳምንቱ በጄሪካን ይወስዳል።

ጋዙ አልመጣም። እኔም ብዙ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 25

እትዬን ሆድ ቁርጠት ይዟታል። “ብርድ ነው” ትላለች። እንደ ልማዷ ነጭ ሽንኩርት አረቄ ውስጥ ዘፍዝፋ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣለች። እኛ ቤት ሌላ መድኃኒት አይታወቅም። ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ደረቴን የምታሸኝ በዚሁ ነበር።

“በርከት አድርጊው እንጂ፣ ምን ትቆጥቢያለሽ?” አልኳት።

ታኅሣሥ 9

ማሜ ደወለ። ጋዝ መጥቷል። እንደሱ ሆኜ “ኢንሻአላህ ነገ” አልኩት። የገና በዓል እየደረሰ፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ፣ እንዴት ብዬ ነው የምፈታባት? ከበዓል በኋላ።

ታኅሣሥ 24

እትዬን ሳያት ደነገጥኩ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ምግብ አይወርድላትም። ትንሽ ነገር ያስቆጣታል፣ እሷ እንደዚህ አልነበረችም። ድዷ ላይ ጠቆር ያለ መስመር አየሁ። መለኪያ ስታነሳ ከእጇ ወደቀ፣ ተሰበረ።

“ዓይን ነው። ገበያዬን ያየ ሰው በልቶኛል።”

ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች። አሁን ሽንኩርቱን ማታም ጀምራለች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከፋኝ።

ጥር 3

በዓሉ አለፈ፣ ጋዜን ተሸክሜ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጎሚቶ አሞቅኩት። እርሳሱ ቀልጦ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ጠብ ያለው እዚህ ግባ የማይባል ነው። አላቅቄ ውስጡን አየሁት። ተበልቷል። ነጭ ዱቄት ነገር ለብሷል። ቀጣዩም እንደዚያው። የሚቀጥለውም። ሞልቼው ነበር እኮ! በገዛ እጄ ነው የሞላሁት። የት ሄደ?

የት እንደሄደማ አውቃለሁ። ሻሸመኔ ሙያ ስማር የባትሪ እርሳስ እያቀለጠ የሚያድር ሰውዬ ነበር፤ ሆዱን እንደያዘ ነው የሞተው። እሱ ያሸተተው ጭሱን ነው። እትዬ ግን ጠጣችው፤ ያ ጣፋጭነትም እርሳሱ ነበር...

ከኋላዬ መጣች። “ምን አየህ?”

“ምንም። ቆሻሻ ይዞታል።”

ሁሉንም አጽድቼ በብር በየድኩት። አልነገርኳትም።

ጥር 4

ቱቦው አሁን ንጹህ ነው። ከእንግዲህ ይሻላታል። ታዲያ ምን ብዬ ላስደነግጣት?

ጥር 10

አልተሻላትም። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ወደቀ። ቀና አድርጊው ስላት ጣቶቿን እያየች “እምቢ አለኝ” አለች፣ የሰው እጅ ይመስል።

አጠገቧ የሽንኩርቱ ጠርሙስ። የቱ አረቄ ነው አልኳት።

“የጥቅምቱ ነው፣ ጣፋጩ። ለመድኃኒት ብዬ ደብቄ ያስቀረሁት።”

ነጥቄ ደጅ ደፋሁት። ጮኸችብኝ። አቅፌ ባጃጅ ላይ ጫንኳት፤ ቀልላለች።

ጤና ጣቢያ ያገኘን ሰሎሞን የሚባል ሐኪም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ልጅ። ድዷን አየ፣ እጇን አየ። “እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?” አላት። እሷ ሳትመልስ እኔ ተናገርኩ። እርሳሱን፣ መገጣጠሚያውን፣ ሁሉንም። ሰሎሞን መጻፉን አቆመ። እርሳስ መርዟታል፤ ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ ነው አለ። እጇ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኩት። “እዚያ ሲያዩት ነው የሚታወቀው” አለኝ።

እትዬ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት ስንገባ “መቼ አወቅክ?” አለችኝ።

“ያን ቀን... ቱቦውን ስፈታ።”

“የበየድከውስ ሳታውቅ ነው። ሳምንቱንስ ለምን ደበቅከኝ?”

ጠዋትና ማታ ስትጠጣ እኔ እዚህ ሮቤ ተቀምጬ ይሻላታል እያልኩ ነበር። አለቀስኩ። አላባበለችኝም።

ጥር 14

እትዬ ዛሬ ከአክስታችን ልጅ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ነጠላዋን እኔ አደረግኩላት፣ ጫማዋንም። አውቶቡሱ በር ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝ።

“የሸጥኩላቸውን ሁሉ ሄደህ ንገራቸው። ስሜ ቢጠፋም ይጥፋ።”

ከለታ ጀመርኩ፣ ብዙ የወሰደው እሱ ነው። መናኸሪያ የሚኒባሱን መስታወት ሲወለውል አገኘሁት። ነገርኩት። የደበቅኩትን ሳምንትም ጭምር። ጨርቁን ጣለው።

“ማል ጎቴ? ምን አደረግከን አንተ?”

እጁን አነሳ። አልሸሸሁም፤ እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። እጁ ግን አየር ላይ እንዳለ ከአንጓው ታጠፈ። ጣቶቹ ቁልቁል ተንጠለጠሉ። ሊያቀናው ታገለ። ሁለታችንም ቆመን እጁን አየን።

“መሪ ስይዝ ይደክመኛል...” አለ ቀስ ብሎ። “የመንገዱ ነው ብዬ ነበር።”

መኪናው ሞልቶ ነበር። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በመስኮት ብቅ ብላ “ሾፌር፣ አንሄድም እንዴ?” አለች።

“ቁልፉን ስጠኝ” አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ በግራ እጁ ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ተሳፋሪዎቹ እየተራገሙን ወደ ሌላ መኪና ሄዱ፣ ለታን ይዤ ሰሎሞን ዘንድ ሄድኩ። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ ነው። ነገ ወደ ሌሎቹ ቤት እሄዳለሁ። ብዙ ናቸው።