የባለቤቴ ጠርሙስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1 ሰዓት።
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ፊቴን ራሴ እታጠባለሁ፣ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሽንት ቤት በከዘራ፣ ብቻዬን። መጻፉንም ይኸው፣ በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁትን። ቡአ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ስምንተኛ ቀኔ። በመስኮቱ የኢምፔሪያል ሰፈር ታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። ዛሬ ልወጣ ነበር። ቁስሉ መግል ያዘ። ሲ/ር አልማዝ ፋሻውን ቀየረችልኝ።

ማክሰኞ።
ሁለት ልጃገረዶች ፎርም ይዘው መጡ። ሰው ለሕክምና ገብቶ እዚያው ሆስፒታል የሚይዘውን ኢንፌክሽን በአገሩ ሁሉ ሊቆጥሩ ነው። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት አልጋ ላይ የተገኘ ሁሉ ይታያል። ዛሬ ሙከራ ነው አሉ፣ በእኔ ጀመሩ። መቼ ገቡ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ቱቦ ገብቶልዎት ነበር ወይ። ተፈራ፣ አጠገቤ የተኛው እግሩ የተሰበረ ሹፌር፣ «የከብት ቆጠራ ነው፤ ጆሮህን ደብቅ፣ ይበሱሃል» አለኝ። ሳቅኩ። ቁስሌን አመመኝ።

ረቡዕ ከሰዓት።
የዋርዱ ኃላፊ ሲ/ር አልማዝን ከመጋረጃው ወዲያ ተቆጣት። እጅሽን ሳትታጠቢ ቁስሉን ነክተሽ ነው፣ ነገ ሊቆጥሩን ነው፣ ከዚህ ክፍል አነሳሻለሁ አላት። ሐሰት። ሁልጊዜ ትታጠባለች፣ አይቻለሁ። ዓይኗ ቀልቶ መጣችና አመመዎት ወይ አባባ አለችኝ።
ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ። ኮመዲኖው ውስጥ፣ በፌስታል፣ ጠርሙስ አለኝ። ሟች ባለቤቴ ያመጣችው የመጨረሻ ጠበል። ሦስት ዓመት ቤቴ፣ አልጋዬ ሥር የኖረ። ነርሶቹ ምሳ ሲሄዱ ፋሻዬን ገልጬ እረጭ ነበር። የተፈራም እግር ቁስል ላይ ረጭቻለሁ፣ ለምኖኝ። ጠበሉን አላማም። ጠርሙሱ ግን ውስጡ አረንጓዴ ይዟል። ዛሬ ብርሃን ላይ አየሁት።

ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት።
ቆጠሩኝ። ፋሻውን ራሴ ገለጥኩ። ጠርሙሱንም አውጥቼ ተናገርኩ። ፎርም የያዘችው ልጅ ቁጥሩ ያው ነው አለች፣ የያዘዎት እዚሁ ነው። ፎርሙ ላይ የማን ጥፋት ነው የሚል መስመር የለም። ኃላፊው ደግሞ አልሰማኝም፣ ቢሮው ላይኛው ፎቅ ነው።
እንግዲህ ያለብኝን እዳ ራሴ እከፍላለሁ፣ ሰው አልልክም። ለተፈራ፦ እግርህን አሳያቸው፣ አሁኑኑ። ለኃላፊው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልማዝን እንዳትነካት፤ ይህን በደረጃው ወጥቼ። ለሲ/ር አልማዝ፦ ይቅርታ፣ ያውም ሰው እያየ። ለባለቤቴ፦ ስወጣ ጠበሉን ደብራችን ግቢ አፈሳለሁ። ጠርሙሱን ግን አልጥልም።